ሐዋሳ ላይ የሚበረክት ልብስ እንዴት ይገዛል?

የመክፈቻ ጽሑፍ

ሰላም ለሁላችሁ። ሐዋሳ ታቦር ክፍለ ከተማ ነው የምኖረው፤ መምህር ነኝ። ባለፈው ወር ፒያሳ አካባቢ ካለ ቡቲክ አንድ ጥቁር የጨርቅ ሱሪ በ2,400 ብር ገዛሁ። መስታወት ፊት ቆሜ ሳየው በልኬ የተሰፋ ነበር የሚመስለው። በ11ኛው ቀን መናኸሪያ ጋ ባጃጅ ልገባ እግሬን ሳነሳ ከብሽሽቱ እስከ ጉልበቴ ድረስ ተተረተረ። ጨርቁ አልተቀደደም። የለቀቀው ስፌቱ ነው። ቤት ገብቼ ገልብጬ ሳየው ከስፌቱ ወዲያ የተረፈው ጨርቅ የጣት ጥፍር እንኳ አይሞላም። ክሩን በሁለት ጣቴ ሳብ ባደርገው ብጥስ አለ።

ወደ ሱቁ ተመለስኩ። ልጁ ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ወረቀት አሳየኝ፤ የተሸጠ ዕቃ አይመለስም ይላል። ደረሰኝ ደግሞ አልተቀበልኩም ነበር።

ጥያቄዬ ይሄ ነው። ልብስ ስንገዛ ምን እንይ? ዋጋውን? የተሠራበትን አገር? ብራንዱን? በወር ደሞዝ የሚኖር ሰው ልብስ መምረጥን እንደ ሙያ ሊማረው ይገባል ብዬ አምናለሁ። ከቤት ኪራይና ከአስቤዛ ተርፎ የተገዛ ሱሪ 11 ቀን ብቻ ሲያገለግል ያበሳጫል። የምታውቁትን አካፍሉኝ።

በሦስት ቀን ውስጥ 34 መልስ መጣ። ቁም ነገሩ ከጭቅጭቁ ጋር ስለተደባለቀ፣ በኋላ ለሚመጣ ሰው እንዲመች ከነተራ ቁጥሩ በራሴ አባባል አስፍሬዋለሁ።

1። የመጀመሪያው አጽናናኝ። እሱም በወንድሙ ሠርግ ማግስት እንዲሁ እንደሆነበት ጽፎ፣ ሱሪውን እንዳልጥለውና ልብስ ሰፊ ጋ እንድወስደው መከረኝ። በጨዋ ቃል የጻፈ ሰው ነው።

2። ሁለተኛው አዲስ ልብስ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው አለ። የእሱ ምክር ሳልባጅ ነው። ሻሸመኔ 25 ኪሎ ሜትር ብቻ ስለሆነች ከወር አንዴ ደርሶ ይመጣል። ቦንዳው በሚፈታበት ጠዋት የደረሰ ሰው ጥሩ ጥሩውን እንደሚያገኝ፣ ከሰዓት የሄደ ግን የተለቀመ እንደሚጠብቀው ጻፈ።

3። ይህችኛዋ ከ2 ጋር ተስማማች። ስድስት ክረምት የለበሰችው ጃኬት ሳልባጅ ነው። የሰጠችው ምክንያት ልብ የሚባል ነው፦ ያገለገለ ልብስ ቀድሞ ታጥቧል። የሚጠበው ጠቧል፣ የሚለቀው ቀለም ለቋል፣ የሚተረተረው ተተርትሯል። ከዚያ ሁሉ ተርፎ እጅህ የገባ ልብስ ፈተናውን አልፏል ማለት ነው።

4። እዚህ ላይ ድምፁ ተቀየረ። አራተኛው 2ን እና 3ን በአንድ ላይ ወቀሳቸው። ልባሽ ጨርቅ ለንግድ ማስገባት በሕግ የተከለከለ መሆኑን አስታወሰ። ያ ሁሉ ቦንዳ በኮንትሮባንድ የሚገባ ነው፣ የአገሩን ልብስ ሰፊ ሥራ የነጠቀውም እሱ ነው አለ። እስከዚህ ድረስ ክርክር ነው። መጨረሻ ላይ ግን የሰው ገላ የነካ ልብስ የሚለብስ ሰው ለራሱ ክብር የለውም ብሎ ጨመረበት።

5። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። በጣም ተቆጥቶ ነው የመለሰው። አባቱ ገበሬ እንደሆነ፣ አራት ዓመት ሙሉ ክፍል የገባበት ልብስ በሙሉ ሳልባጅ እንደሆነ ጽፎ፣ ክብርን ከጃኬት የሚለካ ሰው ራሱን ይመርምር አለ።

እኔም በመሃል ገብቼ አንድ ነገር ጻፍኩ። ስለ ሕጉ 4 ልክ ነው፤ ስለ ክብር ግን አይደለም። ሰው በሚለብሰው ልብስ አይሰደብም። ሰውየው በኋላ ያቺን ዓረፍተ ነገር አጠፋት፤ አመሰገንኩት።

6። ሂሳብ የሚወድ ሰው ነው፤ ጠብ ውስጥ አልገባም። የልብስ ዋጋ ሱቁ የሚነግርህ ሳይሆን፣ የከፈልከው ብር ለለበስክበት ቀን ሲካፈል የሚመጣው ነው አለ። በ900 ብር የተገዛ ሱሪ 20 ቀን ካገለገለ በቀን 45 ብር ነው። በ2,800 የተገዛው 140 ቀን ከተለበሰ በቀን 20 ብር ይወርዳል። የእኔን አሰብኩት፤ በየቀኑ ለብሼው ቢሆን እንኳ በቀን ወደ 218 ብር ይመጣል። ቀጥሎ የጻፈው ደግሞ ይበልጥ ነካኝ። ከመግዛትህ በፊት ቤት ካለህ ልብስ ከየትኛው ሦስቱ ጋር እንደምትለብሰው ጥራ። መጥራት ካቃተህ አትግዛ።

7። ከሁሉም ረጅሙ መልስ ይሄ ነው፤ ጊዜ ሰጥቼ የማሰፍረውም ለዚህ ነው። ጸሐፊው አረብ ሰፈር 26 ዓመት ልብስ የሰፉ ሰው ናቸው። ሰው ወደ እሳቸው የሚመጣው ልብሱ ከተበላሸ በኋላ መሆኑ ያሳዝናቸዋል። ከመግዛቱ በፊት ቢመጣ ምክሩ በነፃ ነበር ይላሉ።

እሳቸው ልብስ ሲያዩ መጀመሪያ ይገለብጡታል። ውጭውን ፋብሪካው ለዓይን ያሳመረው ነው፤ ውስጡ ግን አይዋሽም። ከስፌቱ ወዲያ የቀረው ጨርቅ ቢያንስ አንድ ሴንቲ ሜትር መሆን አለበት። ከዚያ ያነሰ ከሆነ ሊያሰፉት ቢፈልጉ አይሰፋ፣ ሲተረተር ደግሞ መያዣ የለው። ቀጥሎ ስፌቱን ግራና ቀኝ ይዘው ወደ ጎን ይለጥጡታል። በክሩ መሃል ብርሃን ካሳየ ስፌቱ ሳስቷል። ከዚያ ጨርቁን በጭብጣቸው አምስት ቆጥረው ይለቁታል፤ እንደተጨማደደ ከቀረ ቀኑን ሙሉ እንዲሁ ነው የሚውል። በመጨረሻ ወደ ፀሐይ ያነሱታል። ቲሸርት ሆኖ በውስጡ መዳፍዎ በግልጽ ከታየ ሦስት እጥበት አይችልም አሉ።

የክብሪቱንም ነገር ጻፉ። ከጠርዙ ውስጥ አንድ ክር ስቦ፣ ከልብሱ አርቆ መለኮስ። ጥጥ እንደ ወረቀት ይነድና አመዱ ጣት ላይ ይበናል። ፖሊስተር ግን ይሸሻል፤ ይቀልጣል፤ ጥቁር ጠጣር ፍሬ ሆኖ ይቀራል። ጽሑፋቸውን እንዳነበብኩ ተነስቼ ከተተረተረው ሱሪዬ አንድ ክር መዘዝኩ። ሳህን ላይ አድርጌ ለኮስኩት። ተሸማቀቀ፣ ጥቁር ጭስ አወጣ፣ ሲበርድ የሰሊጥ ፍሬ የምታህል ጠጣር ነገር ቀረች። በጥፍሬ ብጫናት አልተሰበረችም። ሻጩ ንጹህ ጥጥ ነው ብሎኝ ነበር። በሐዋሳ ፀሐይ ሱሪው ለምን እግሬ ላይ እንደሚጣበቅ ያን ጊዜ ገባኝ። ፖሊስተር ላብ አይመጥም።

8። አንዲት ሴት በትህትና እርማት አቀረበች። ጋሼ እንዳሉት የሚቀልጠው ፖሊስተር ነው፤ እንደ ወረቀት የሚነደው ሁሉ ግን ጥጥ አይደለም አለች። ቪስኮስም እንዲሁ ይነዳል፤ ከእንጨት ስለሚሠራ። ልዩነቱ ውኃ ላይ ነው። ጥጥ ሲረጥብ ይጠነክራል፤ ቪስኮስ ሲረጥብ ይደክማል። ስለዚህ በሁለት ጣት መሃል ትንሽ አርጥቦ ክሩን መሳብ ነው።

9። ልብስ ሰፊው መልሰው መጡና እርማቱን በደስታ ተቀበሉ። ልጄ ብለው ነው የጠሯት። የ26 ዓመት ሙያ ያለው ሰው እንዲህ ሲማር ማየት ደስ ይላል።

10። የአዲስ ከተማ እናት ናቸው፤ ስለ ዩኒፎርም ጻፉ። የሦስት ልጆቻቸውን የሚያሰፉት ሐምሌ ላይ ነው። ነሐሴ መጨረሻ ሲደርስ ዋጋው እንደሚንር፣ ልብስ ሰፊውም በጥድፊያ እንደሚሰፋ ያውቁታል። የሱሪውን እግርና የቀሚሱን ጫፍ አራት ጣት ወደ ውስጥ እጠፍልኝ ይላሉ። በጥር አንዱን ጣት፣ በሚቀጥለው መስከረም ሌላውን ይፈቱታል። አንድ ዩኒፎርም ሁለት ዓመት ያገለግላል።

11፣ 12 እና 13። እዚህ ወሬው ፈር ለቀቀ። 11 የጫማ ሶል የሚያስለጥፍበት ቦታ ጠየቀ። 12 አሞራ ገደል ዓሣ ስንት ገባ አለ። 13 ሁለቱንም ገሥጾ ስለ አጠባ ጻፈ፤ ጠቃሚ ነው። በረኪና ነጭ ጥጥ ላይ ብቻ ነው የሚገባው። ለጠጥ የሚል ጅንስ ላይ ከገባ ላስቲኩን ይበላዋል፤ ጉልበቱ ወጥቶ ይቀራል። ምልክቶቹ ላይ ሦስት ማዕዘኑ በረኪና ማለት ነው፤ ኤክስ ከተደረገበት አይነካም። ካውያው ላይ ያለችው ነጥብ አንድ ከሆነች በትንሽ ሙቀት፣ ሦስት ከሆኑ በኃይለኛ ሙቀት ይተኮሳል።

14። ስለ ዋጋ ክርክር ነው። ሰኞና ሐሙስ ገበያ ስትወጣ ከጠሩልህ ዋጋ ግማሹን ጥራ፤ እምቢ ካሉ ዞር በል፣ ይጠሩሃል አለ። የበዓል ሳምንት ደግሞ ጭራሽ አትግዛ፤ የፋሲካን ልብስ በዐቢይ ጾም አጋማሽ ግዛ።

15። ባለሱቅ ናቸው፤ አላስቻላቸውም። ግማሽ ብሎ የሚጀምር ሰው ነው ነጋዴውን እጥፍ እንዲጠራ ያስተማረው አሉ። ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተወሰነበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ ዕቃ የሚያመጡበት ገንዘብ እንደማይበቃቸው፣ ኪራይ እንደተጨመረባቸው ጻፉ። ከሁሉ የሚያማቸው ደግሞ አሥር ልብስ አስወርዶ፣ ለክቶ፣ ፎቶ ተነስቶ የሚሄድ ሰው ነው።

16፣ 17 እና 18። ሦስቱም በባለሱቋ ላይ ወረዱባቸው። 17 ነጋዴ ሁሉ ሌባ ነው እስከማለት ደረሰ። የ18 ጥያቄ ግን ተገቢ ነበር፦ ለምን ዋጋ አትለጥፉም? ባለሱቋ ለ18 ብቻ መለሱ። ለመለጠፍ ሞክረው ሰው ዋጋ ተከራክሮ ማስቀነስ ስለለመደ ሳይገዛ እንደሚወጣባቸው ነገሩት። ሁለቱም ወገን እውነት አለው ብዬ አስባለሁ። 17 ግን ሰው በቅንነት ለነገረው ችግር ስድብ መመለሱ አሳፍሮኛል።

19። እኔ የምገዛው ከሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የወጣ የኤክስፖርት ትርፍ ነው፣ ከዚያ የተሻለ ጥራት የለም የሚል መጣ።

20። ይህን የመለሰችው እህት ፓርኩ ውስጥ ልብስ ስፌት መስመር ላይ ሦስት ዓመት ተኩል የሠራች ናት። ከ7 ቀጥሎ ብዙ ያስተማረችኝ እሷ ናት። መጀመሪያ 19ን አረመችው። ፓርኩ ሐምሌ 2008 ሲመረቅ ጀምሮ ለውጭ ገበያ እንዲያመርት የታሰበ ነው። አሜሪካ ታኅሣሥ 2014 ላይ ኢትዮጵያን ከአጎዋ፣ ማለትም ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ገበያ ከመግባት ዕድል፣ ስታስወጣ ትዕዛዝ ቀንሶ ብዙ ጓደኞቿ ወደየቤታቸው ተመልሰዋል። ስለዚህ ከፓርኩ የወጣ ነው የሚል ሻጭ ሲያጋጥም ከየት እንዴት እንደወጣ መጠየቅ አይከፋም። ገበያ ላይ የቆመ ሁሉ የፓርኩን ስም ይጠራልና። ደግሞም ከፓርኩ ቢወጣ እንኳ ጉድለት ተገኝቶበት የተመለሰ ሊሆን ይችላል።

ቀጥላ እሷ የምታየውን ነገረችን። መስመሩ ላይ አንዱ ኪስ ብቻ፣ አንዱ እጅጌ ብቻ ነው የሚሰፋው። እሷ ሱሪ ላይ ብሽሽት ነበር የምትገጥመው። አራት ጨርቅ አንድ ነጥብ ላይ የሚገናኝበት ቦታ ነው። አራቱ በትክክል እንደ መስቀል ከተገጣጠሙ ሰፊው ተረጋግቶ ሠርቷል። አንዱ ከአንዱ ሸርተት ካለ በጥድፊያ የወጣ ነው፤ መጀመሪያ የሚለቀውም እዚያው ነው። ከዚያ የኪሱን ጫፍና የቀበቶ ማስገቢያውን ተመልከቱ አለች። ትንሽ ድርብርብ ያለች፣ ወፈር ብላ የተሰፋች ማጠንከሪያ ከሌለች እጅ ሲገባና ሲወጣ ይቀደዳል። ሸሚዝ ላይ ብብቱን፤ ባለ መስመር ከሆነ መስመሩ ከደረት ወደ ኪሱ ሳይሰበር ማለፉን። ቁልፎቹን አንድ በአንድ ነካ ነካ ማድረግ። የተንጠለጠለ ክር ካለ አትሳቡት፤ በመቀስ ቁረጡት።

የተተረተረውን ቦታ ፎቶ እንድልክላት ጠየቀችኝ። ላክሁ።

21። 19 ነው። ይቅርታ ብሎ ወጣ።

22። ሕግ የተማረ ነው። የተሸጠ ዕቃ አይመለስም የሚለው ወረቀት እንዳያስደነግጠኝ ነገረኝ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል ይደነግጋል። የእኔ ሱሪ በ11ኛው ቀን ነው የተተረተረው። መብት ነበረኝ። ደረሰኝ ሳልይዝ ግን ከዚያ ሱቅ መግዛቴን በምን አስረዳለሁ?

23። ደረሰኝ ጠይቅ ማለት ቀላል ነው፤ ደረሰኝ ከፈለግክ ቫት 15 በመቶ ጨምር ሲሉህስ? አለ። 22 መልሶ፣ ያ 15 በመቶ የልብስህ ዋስትና ነው ብለህ ቁጠረው አለው። 23 አልተዋጠለትም። እኔም ሁለቱ መሃል ነኝ፤ ከ1,000 ብር በላይ ለሆነ ነገር ግን ከእንግዲህ ያለ ደረሰኝ አልወጣም።

24። ዓሣውን የጠየቀው ሰው ተመልሶ መጣ። ማንም አልመለሰለትም።

25። በቴሌግራም ስለሚገዛ ልብስ የጻፈች ናት። ፎቶው ላይ የሚያምረው ቤት ሲደርስ እንደማይሆን ስንት ጊዜ እንዳየች ቆጥራ፣ አሁን የምታደርገውን ነገረችን። ስሞልም ላርጅም አትልም። ቤቷ ካላት፣ ልኳ ከሆነ ሸሚዝ ከብብት እስከ ብብት፣ ከትከሻ እስከ ጫፍ በሜትር ለክታ ሴንቲ ሜትሩን ትልካለች። እነሱም የሚልኩትን ልብስ አልጋ ላይ ዘርግተው ለክተው እንዲነግሯት ትጠይቃለች። ለመለካት እምቢ ያለን ሻጭ ትተዋለች። የጅንስ ቁጥር ደግሞ ኢንች መሆኑን አስታወሰች፤ 32 ማለት ወገቡ 81 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። አንዳንዱ ግን ቁጥሩን እንዲሁ ይለጥፋል፤ ስለዚህ ሜትሩን ማመን ነው።

26። ከፍለህ አትይ፤ አይተህ ክፈል። ያቺን ብቻ ጻፈ፤ ይበቃል።

27። ጋቢ ስለመግዛት። ጋቢ አራት ድርብ ነው፤ ጠርዙን ገልጦ መቁጠር ነው። አለበለዚያ ክረምት ላይ ይቆጩበታል።

28 እና 29። ኦርጅናል ስለሚባል ነገር ተከራከሩ። 28 ዚፑ ላይ ዋይ ኬ ኬ ካየህ ኦርጅናል ነው አለ። 29 አልተቀበለውም። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1934 የተመሠረተው ይህ የጃፓን የዚፕ ኩባንያ ስሙ በዓለም ሁሉ ስለታወቀ አስመስሎ የሚጽፍበት ብዙ ነው አለ። ዚፑን አሥር ጊዜ ክፈትና ዝጋ፤ ሳይደናቀፍ ከሄደ ስሙ ምንም ይሁን ጥሩ ዚፕ ነው።

30። 7ን ልብስ ሰፊ ሱቃቸው የት እንደሆነ ጠየቀ። በውስጥ መልእክት ተነጋገሩ።

31። ይህ ሰው ሁላችንንም ሰደበን። አገር በስንት ነገር ተይዞ ስለ ሱሪ 30 መልስ መጻፍ ሥራ መፍታት ነው አለ። መምህር ሆኖ 2,400 ብር ለሱሪ ማውጣቴንም ኮነነ።

32። የፓርኳ ልጅ ናት የመለሰችለት። ያ ሱሪ የአንድ ሰው የስንት ቀን ድካም እንደሆነ አሰብክ ወይ አለችው። የሰፋው ሰው ድካምና የገዛው ሰው ደሞዝ አለበት። ሁለቱም እንዳይባክን መነጋገር ሥራ መፍታት አይደለም። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። ፎቶውን አይታዋለች። ብሽሽቱ ላይ አራቱ ጨርቆች በግማሽ ሴንቲ ሜትር ተዛንፈዋል። ይዳናል ግን፤ የእግሩ እጥፋት ረጅም ስለሆነ ከዚያ ጨርቅ ቆርጦ ከውስጥ ደግፎ መስፋት ነው አለች።

33። 7 ነበሩ። ይዘህ ና ብቻ አሉ።

34። የዩኒፎርሟ እናት ሱሪው ምን ደረሰ ብለው ጠየቁ። ስለዚህ ልንገራቸው። ሐሙስ ከትምህርት ቤት መልስ አረብ ሰፈር ሄድኩ። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው ሱሪውን ገለበጡት፤ ብሽሽቱን በአውራ ጣታቸው ዳበሱት። ከሁለቱ እግሮች እጥፋት ቁራጭ አወጡ። እንደ አልማዝ ቅርጽ ቆርጠው አራቱ ስፌት የሚገናኝበት ላይ ከውስጥ አደረጉት፣ በወፍራም ክር ሁለቴ ዞሩበት። 20 ደቂቃ አልፈጀም። 150 ብር ከፈልኩ። ከዚያ መሃል መንገድ ላይ ወዳለ ሱቅ ለሸሚዝ ይዤያቸው ሄድኩ፤ እሺ ብለው ሱቃቸውን ዘግተው ነው የመጡት። ሦስት ሸሚዝ ገልብጠው መለሱ። አራተኛውን ሲገለብጡ ብብቱ ላይ ቆዩ፣ ወደ በሩ ብርሃን ያዙት፣ ምንም ሳይናገሩ ሰጡኝ። 1,300 ብር፤ ከነደረሰኙ። ሱሪውን ዛሬም ለብሼዋለሁ።